የድንበሩ ሣር

የማኪያቶ ጓደኛዬ ኢንጂነሩ ከአውሮፓ ተመልሰዋል። እንደ ሌላው ሰው ቸኮሌት አላመጡም፤ ፎቶ ነው ያመጡት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማኪያቶ ቤታችን፣ ስልካቸውን ስኳር ማስቀመጫው ላይ አስደግፈው አንድ በአንድ አሳዩኝ። ካቴድራሉን፣ ቦዩን፣ የሆቴሉን ቁርስ ሳይቀር። አንዱ ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆም አሉ። ፎቶው ውስጥ ሰው የለም። የሚታየው የእሳቸው ቡናማ ጫማ ብቻ ነው። የእግረኛውን መንገድ በነጭ የመስቀል ምልክቶች የተሠራ መስመር ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግራ ጫማቸው ከመስመሩ ወዲህ፣ ቀኙ ወዲያ ነው። የቀኙ ማሰሪያ ተፈትቷል።

"አየህ? አንድ እግሬ ቤልጂየም፣ አንድ እግሬ ኔዘርላንድ! ኬላ የለ፣ ፖሊስ የለ፣ ማኅተም የለ። አውሮፓ እኮ ድንበር የሚባል ነገር የለም!"

እኔና ይህች ዓረፍተ ነገር የቆየ ጠብ እንዳለን የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። ለልምድ ልውውጥ የሄደ ሁሉ ይዟት ይመለሳል፤ ኪሎ የላት፣ ቀረጥ አይከፈልባት። ዘንድሮስ ዝም ብዬ አሳልፋታለሁ ብዬ ነበር። የጫማቸውን ማሰሪያ ሳያስሩ ስለ ድንበር መፍረዳቸው ግን አላስቻለኝም። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ባለፈው በዚህ የተነሳ ሦስት ደብዳቤ ደርሶኛል።)

ኢንጂነሩ የቆሙባት ከተማ ባርለ ትባላለች። የመካከለኛው ዘመን መሳፍንት ርስታቸውን ሲለዋወጡና ሲከፋፈሉ የተዉት ቁርጥራጭ ናት። በኔዘርላንድ መሬት ውስጥ 22 የቤልጂየም ቁራጮች አሉ፤ በእነዚያ በቤልጂየም ቁራጮች ሆድ ውስጥ ደግሞ 7 የኔዘርላንድ ቁራጮች አሉ። ካርታዋን ስታዩት እራፊ በእራፊ ላይ የተጣፈበት ጋቢ ይመስላል። ሁለት ከንቲባና ሁለት ምክር ቤት አላት። ድንበሩ መሃሉን የሚያቋርጠው ቤት የየትኛው አገር እንደሆነ የሚታወቀው በዋናው በሩ ነው፤ በሩ ያረፈበት አገር ቤቱን ይወስደዋል። መስመሩ በሩን ራሱን የሚከፍልበት አንድ ቤት ደግሞ አለ፤ ያ ቤት ሁለት የቤት ቁጥር ተለጥፎበታል፣ አንዱ የወዲህኛው አገር፣ አንዱ የወዲያኛው።

እስከዚህ ድረስ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። 2020 ላይ ግን ኮሮና መጣ። ቤልጂየም ሱቆቿን ስትዘጋ ኔዘርላንድ አልዘጋችም። ድንበሩ መሃሉን የሚያልፍበት አንድ የልብስ መደብር ግማሹ በጥብጣብ ታጥሮ ግማሹ ይሸጥ ነበር። ሸሚዙን ኔዘርላንድ ገዝቶ ሱሪው ቤልጂየም የቀረበትን ደንበኛ አስቡት።

"እሱማ ኮሮና ነው፤ አይቆጠርም" አሉ ኢንጂነሩ።

ለእኔ ደግሞ የሚቆጠረው እሱ ነው። ጣሪያ ማፍሰስ አለማፍሰሱ በኅዳር አይታወቅም። በጣሊያኗ ጎሪትዚያና በስሎቬኒያዋ ኖቫ ጎሪትሳ መካከል ያለው አደባባይም እንዲሁ ነው። ስሎቬኒያ በ2004 የአውሮፓ ኅብረትን ስትቀላቀል የአደባባዩን አጥር በደስታ ነቀሉት። በ2020 ያው አደባባይ መሃል እንደገና አጥር ቆመ፤ ዘመድ ከዘመዱ በሽቦ ላይ እየተንጠራራ ያወራ ነበር። በ2025 ደግሞ ሁለቱ ከተሞች አንድ ላይ የአውሮፓ የባህል መዲና ሆኑ። ያለቀለት ነገር እንዲህ አይመላለስም።

ማታውኑ የእህቴ ልጅ ደወለች።  ኬል ትኖራለች፤ ኬል ጀርመን ናት። ስትራስቡርግ ትሠራለች፤ ስትራስቡርግ ፈረንሳይ ናት። በመሃላቸው ራይን ወንዝ አለ። ከ2017 ጀምሮ የስትራስቡርግ ትራም ወንዙን ተሻግሮ ኬል ስለሚገባ፣ ለእሷ ውጭ አገር ማለት ጥቂት ፌርማታ ነው። የኢንጂነሩን ንግግር ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም።

"ጋሼ፣ ድንበሩን ድልድዩ ላይ የሚፈልግ ሰው መቼም አያገኘውም። እኔ ቤት ይምጣ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው።"

ነገሩ የልጅ አበል ነው። የወዲህኛው መሥሪያ ቤት "መጀመሪያ መክፈል ያለባቸው እነዚያ ናቸው" ይላታል። የወዲያኛው "እዚያ እንደማይከፈልሽ የሚገልጽ ወረቀት አምጪ" ይላታል። ወረቀቱ ሲመጣ ቋንቋው አልገባንም ተባለ፤ ተተርጉሞ ሲቀርብ ደግሞ ሦስት ወር አልፎታል ተብሎ ተመለሰ። "እናቴ 'ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል' ትል የለ?" አለችኝ። "ሁለቱንም ተከልኩ። ይኸው ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ ቀረሁ።"

በኮሮናው ጊዜ ትራሙ ወንዙን መሻገር ሲያቆም የአሠሪዋን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልላ ትመላለስ ነበር። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ደግሞ ጀርመን በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቁጥጥሩን መልሳለች። "እስካሁን ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም፤ ግን ድልድዩ ላይ ስንደርስ እጄ ራሱ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ መታወቂያዬን ይዳብሳል። ከጎኔ የምትቀመጠዋ ፈረንሳዊት የምትዳብሰው ስልኳን ነው።"

ኢንጂነሩ ይህንን ፎቶ አላነሱትም።

ድንበሩ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ፣ የሚያላላውም መሳቢያ ከፍቶ ወረቀት ከወረቀት የሚያስማማ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሪባን አይቆርጥም፤ በቴሌቪዥን አይታይም። በ1958፣ ጦርነቱ ካበቃ ገና 13 ዓመቱ፣ በጀርመኗ ግሮናውና በኔዘርላንዷ ኤንስኼዴ አካባቢ ያሉ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ዩሬጂዮ ያሉትን ኅብረት መሠረቱ፤ ድንበር ተሻጋሪ ክልል ለሚባለው ነገር በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። በ1971 የድንበር ክልሎቹ ተሰባስበው የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። ብራሰልስ ኢንተርሬግ በሚል ስም ለጉዳዩ ገንዘብ መመደብ የጀመረችው በ1990 ነው፤ ዩሬጂዮ 32 ዓመት ከሞላው በኋላ። መመሪያ ከላይ እስኪወርድ ቢጠብቁ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለእኛ አገር አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም። (ሞያሌንና መተማን ለምን አላነሳህም የምትሉኝ፣ እሱ የራሱን ሳምንት ይፈልጋል።)

ስትራስቡርግ በኩል፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ከ2014 ጀምሮ የሁለቱ ከተሞች ሕፃናት አብረው የሚውሉበት መዋያ አለ፤ ቦታው 60 ነው፣ ለፈረንሳይና ለጀርመን እኩል ለእኩል። ይህን ስሰማ ልጆቹ በሁለት ቋንቋ ሲዘምሩ ታየኝ። የእህቴ ልጅ የታያት ግን ሌላ ነው፦ "ሁለቱ አገሮች ስለ ሞግዚት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ክፍያ ያላቸውን ደንብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስማማው ሰው ማን ይሆን? የእኔን ወረቀት በሰጡልኝ!"

ተመራማሪዎቹም አሉ። ከጥናት ወረቀት ጋር እንደማልዋደድ ታውቃላችሁ፤ የድንበር ተመራማሪዎችን ግን እወዳቸዋለሁ፣ ሥራቸው የሽማግሌ ነውና። የወዲያኛውንም የወዲህኛውንም ሰምተው ጠቡ የት ላይ እንደሚጀምር ይፈልጋሉ። በማስትሪኽት አይቴም የሚባል ተቋም አለ፤ በየዓመቱ ሕጎችን እያነሳ የድንበሩ ነዋሪ ላይ ምን እንደሚያመጡ ይመረምራል። ሕግ የሚያረቀው ሰው ዋና ከተማ ተቀምጦ ትራም ላይ ያለችውን ሴት አያስባትማ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ሰነድ መሠረት የኅብረቱ የውስጥ ድንበር ክልሎች ከቆዳ ስፋቱ 40 በመቶውን ይይዛሉ፤ 150 ሚሊዮን ሰው ይኖርባቸዋል። ጠረፍ ብለን የምንንቀው ቦታ የሕዝቡ ሲሶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ከእንቅፋቶቹ አምስተኛው ቢነሳ የእነዚህ ክልሎች ምርት በ2 በመቶ እንደሚያድግም እዚያው ተሰልቷል። ይህን ቁጥር ሳነብላቸው የኢንጂነሩ ዓይን በራ።

እኔን የያዘኝ አምቡላንሱ ነው። በኦስትሪያና በቼክ መካከል፣ አምቡላንሱ በሽተኛውን ይዞ ድንበሩ ላይ ቆሞ፣ በሽተኛው ወርዶ ከማዶ በመጣው አምቡላንስ የሚጫንበት ዘመን ነበር። ቃሬዛው ከመኪና ወደ መኪና ሲተላለፍ ይታያችሁ። ያን ለማስቀረት ንግግር አላስፈለገም፤ ኃላፊነቱ የማን፣ ክፍያው የማን እያለ መስመር በመስመር የሚጽፍ ሰው ነው ያስፈለገው። እንዲህ ያለው ችግር በደንብ ይስተናገድ የሚል ሐሳብ ኮሚሽኑ ያቀረበው በ2018 ነበር፤ ደንቡ የጸደቀው በ2025 ነው። የድንበር ሰው አቤት የሚልበት ጠረጴዛ ይኑር ለማለት ሰባት ዓመት! ያውም ጠረጴዛውን መዘርጋት አለመዘርጋት ለየአገሩ ፈቃድ የተተወ ነው።

ከሁሉ ልቤን የወሰደው በፒሬኔ ተራሮች መሃል ያለው ሆስፒታል ነው። ሴርዳኛ የሚባል ደጋማ ሜዳ አለ፤ ግማሹ ፈረንሳይ፣ ግማሹ ስፔን ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1659 ከታረቁ በኋላ ከዚያ ሜዳ 33 መንደሮች ለፈረንሳይ እንዲሰጡ ሆነ። ዪቪያ የምትባለዋ ግን "መንደር" ሳይሆን "ከተማ" የሚል ማዕረግ ስለነበራት ቀረች። ዛሬም ዙሪያዋን በፈረንሳይ መሬት ተከብባ ስፔን ናት። በአንድ ቃል! የሰነድን ጉልበት ለምትንቁ ይድረሳችሁ።

እዚያው ሜዳ ላይ፣ በስፔን በኩል በፑችሰርዳ፣ የሁለቱ አገሮች የጋራ ሆስፒታል በ2014 ተከፈተ። ሕንጻው ተሠራ፣ ሐኪሙ ተገኘ፣ ቋንቋውም ተቻለ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ሰው አስቸገረ፦ የሚወለደውና የሚሞተው። የፈረንሳውያን ልጅ ስፔን ውስጥ ተወለደ ተብሎ ምዝገባው ራስ ምታት ሆነ። ፈረንሳዊ አረፈ ሲባል ደግሞ፣ ጥቂት ኪሎሜትር ርቆ ካለው ቤቱ ለመድረስ ሬሳው ከሩቅ አገር እንደሚመጣ አስከሬን ወረቀት ይጠየቅበት ነበር። ታሞ የመጣ ዘው ብሎ ይገባል፤ ለማልቀስ የመጣ ግን ቢሮ ለቢሮ ይዞራል።

ያ የ1659 ስምምነት የተፈረመው የት መሰላችሁ? ቢዳሶዋ በሚባል ወንዝ መሃል ባለች ሚጢጢ ደሴት ላይ ነው። ደሴቲቱ ዛሬ የሁለቱም ናት፤ ግማሹን ዓመት ስፔን፣ ግማሹን ፈረንሳይ ይይዛታል፣ በየስድስት ወሩ ይረካከባሉ። የሚኖርባት ሰው የለም። ዛፍና ሣር አለባት።

ሣር ላይ ስደርስ ከኢንጂነሩ ጋር የጀመርኩት ክርክር ከእጄ ወጣ። አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ ከጎረቤታቸው ጋር በአንዲት የወሰን ድንጋይ ዓመታት ተካሰዋል። ድንጋይቱ እግር ያላት ይመስል እርሻ በመጣ ቁጥር ስንዝር ስንዝር ትሄድ ነበር። ድንበር መግፋት የእኛ በሽታ ብቻ የሚመስለው ካለ 2021ን ያስታውስ። ኤርክሊን በምትባል የቤልጂየም ቀበሌ አንድ ገበሬ ትራክተሩን ያስቸገረውን ድንጋይ 2 ሜትር ከ29 ሴንቲሜትር ገፋ አደረገው። ድንጋዩ ከ1819 ጀምሮ የቆመ የፈረንሳይ ድንበር ነበር። ቤልጂየም ጥይት ሳትተኩስ ሰፋች። ከወዲህም ከወዲያም ያሉ ከንቲባዎች ሳቁና ድንጋዩ ይመለስ አሉ፤ ገበሬው እምቢ ቢል ከ1930 ወዲህ ያልተሰበሰበውን የድንበር ኮሚሽን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ሊኖርባቸው ነበር።

የእኛን ነገር የያዙት ሽማግሌዎች ድንጋዩን ወደ ቦታው አልመለሱትም፤ ቦታውን በእርግጠኝነት የሚያስታውስ አልተገኘማ። በሁለቱ ማሳ መካከል አንድ እርምጃ የሚሆን ሣር ሳይታረስ ይቅር ብለው ፈረዱ። ሣሩን አንድ ዓመት አያቴ፣ አንድ ዓመት ጎረቤታቸው እንዲያጭዱት። አጨዳ ሲደርስ አንዱ ከሌላው ደጅ ቆሞ "ዘንድሮ ተራው ያንተ ነው" ማለት ነበረበት። ፍቅር አልወረደም። ሣሩ አነሰ፣ ከብት ገባበት እያሉ እስኪሞቱ ተነታርከዋል። ተራውን የዘለለ ግን አላየሁም።

ድንጋይቱን ስትገፋ የኖረችው የማን ማረሻ እንደሆነች አያቴ በመጨረሻው ለእናቴ ነግረዋታል። የጎረቤትየው አልነበረችም።

ሐሙስ ዕለት ይህን ሁሉ ለኢንጂነሩ ዘረዘርኩላቸው። ማኪያቷቸው ቀዘቀዘ።

"ታዲያ ድንበር አለ ነው የምትለኝ፣ የለም?"

"አለ" አልኳቸው። "ግን ሣሩን በተራ የሚያጭድ ሰው ይፈልጋል።"

ትንሽ አሰቡና ስልካቸውን አወጡ።

"የሣሩ ፎቶ አለህ?" አሉኝ።