መስማት የተሳነው ተማሪም በቋንቋው ይማር!

ውድ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢው ከተሞች መራጮች!

በአማርኛችን «ደንቆሮ» በሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማውንም፣ ዕውቀት የሌለውንም እንጠራበታለን። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። መስማትን የሚነሳው ተፈጥሮ ወይም እንደ ማጅራት ገትር ያለ በሽታ ነው። ዕውቀትን የሚነሳው ግን በምልክት ቋንቋ የማያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ለዚህም ተጠያቂው መንግሥት ነው።

መስማት የተሳነው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ከሚሰሙ ወላጆች ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያለች እናት «ና»፣ «ብላ»፣ «ከብቶቹን መልስ» ለማለት በእጇ ታመለክታለች፤ ከዚያ የሚያልፍ ወሬ ግን ሊኖራቸው አይችልም። ሌላው ሕፃን ቋንቋውን ከቤቱ ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል። ይህኛው ቋንቋውን የሚያገኘው ከትምህርት ቤት ነው። ምልክት በማያውቅ መምህር ፊት ሲቀመጥ ከሰሌዳው ፊደል ይገለብጣል፤ የገለበጠውን ግን አያውቀውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተስፋፋው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ያን ጊዜ ሌላው ልጅ ትምህርቱን ሲያጣ፣ ይህኛው የሚያናግረውን ሰው ጭምር አጥቷል።

ቋንቋው የለም ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ የጣት ፊደል አለው፤ ፊደሉ በእጅ ቅርፅ ይገለጻል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆችም በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሕግ የለም ማለትም አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ለሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል እውቅና ሰጥቷል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራን እንዲቀጠሩ ያዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም ስምምነቱ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። አንቀጽ 41 የመንግሥትን ግዴታ በአቅም መወሰኑ እውነት ነው። ሆኖም እንደ ሕግ ባለሙያ የምለው፣ የአቅም ማነስ ሥራን ደረጃ በደረጃ ለመሥራት እንጂ ጨርሶ ላለመጀመር ምክንያት አይሆንም።

ስለሆነም ፓርቲያችን ቢመረጥ፦

1ኛ. በፍኖተ ሰላምም በቡሬም በመንግሥት ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምሩ ክፍሎች እንዲኖሩ፣ ያሉትም እንዲጠናከሩ ያደርጋል፤ ከገጠር ለሚመጡ ልጆች ማደሪያና ቀለብ ይመድባል።

2ኛ. ተማሪው ከሚሰሙ ተማሪዎች ጋር መማር ሲጀምር እስከ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ አስተርጓሚ ይመድብለታል።

3ኛ. መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ራሳቸው መምህራን ሆነው እንዲሠለጥኑና እንዲቀጠሩ ያደርጋል።

4ኛ. ወላጆች ወደ ከተማ በሚመጡበት የገበያ ቀን ነፃ የምልክት ቋንቋ ትምህርት ይሰጣል።

ውድ መራጮች! ክፍሉ የሚከፈተው በእናንተ ከተማ ነው፤ የገጠሩም ልጅ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። የየትኛውም ፓርቲ ዕጩ፣ የእኛም ጭምር፣ ድምፃችሁን ሊጠይቅ ሲመጣ «መስማት ለተሳነው ልጅ መምህሩን መቼ ትቀጥራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀኑን ቆርጦ ለማይነግራችሁ ድምፃችሁን አትስጡ።