የዜማውን ደራሲ በስሙ እንጥራው



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ምሳሌያችን ስም ቀላል ነገር አለመሆኑን ያስተምረናል። ሆኖም መልአክ ያወጣውን ስም ሰው ሲያበላሸው ብዙ ጊዜ ይታያል። ዛሬ ላቀርብላችሁ የፈለግሁት ሐሳብ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ስለ ኖረ አንድ የአውሮፓ የዜማ ደራሲ ስም ነው። ሰውየው ዦስካን ደ ፕሬ ይባላል። ነገሩ ከእኛ የራቀ ቢመስልም እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ የራሳችንም ጉዳይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ዦስካን የተወለደው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1450 እስከ 1455 ባለው ጊዜ ገደማ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ። በሮም በጳጳሱ ቤተ ጸሎት ዘምሯል፤ በ1503 ወደ ኢጣልያዊው የፌራራ መስፍን ወደ ኤርኮሌ ሄዶ አገልግሏል፤ በመጨረሻም ዛሬ በፈረንሳይ አገር በምትገኘው በኮንዴ ከተማ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆኖ ኖሮ በ1521 ዓ.ም. ዐረፈ። ለመስፍኑ ክብር በደረሰው ቅዳሴ «ሄርኩሌስ ዱክስ ፌራሪኤ» ከሚለው የላቲን ማዕርግ አናባቢዎቹን ብቻ ወስዶ «ሬ ኡት ሬ ኡት ሬ ፋ ሚ ሬ» የሚል ዜማ አወጣ። የሰውን ስም እንዲህ አክብሮ ዜማ ያደረገ ደራሲ የራሱ ስም መከራከሪያ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ክርክሩ ይህ ነው። በእንግሊዝኛ ከተጻፉት መጻሕፍት አንዳንዶቹ «ዦስካን» ብለው በዚሁ ስም ተራ ያስገቡታል። ሌሎቹ ግን «ደ ፕሬ» የሚለውን እንደ ቤተሰብ ስም ቈጥረው በ«ዲ» ፊደል ተራ ይጽፉታል። እርሱንም ቢሆን ግማሾቹ አንድ ቃል፣ ግማሾቹ ሁለት ቃል ያደርጉታል። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መጠሪያ ዦስካን ነው። ምክንያቴንም እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ ዦስካን የራሱ ስም ነው። ዦስ ከሚለው ስም የወጣ የቁልምጫ ስም ሲሆን፣ እኛ ተስፋዬን «ተስፍሽ» እንደምንለው ያለ ነው። «ደ ፕሬ» ግን «ከመስኮቹ» ማለት ሲሆን ለቤተሰቡ የወጣ ቅጽል ነበር። በ1998 በታተመ ጥናት እንደ ተገለጸው የቤተሰቡ ስም ለብልዋት ነው። እንግዲህ «የቤተሰብ ስም መጻፍ ደንብ ነው» ብሎ ደ ፕሬ የሚል ሰው የራሱን ደንብ እንኳ አልጠበቀም።

ሁለተኛ፣ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች የሚያውቁት በዚህ ስም ነው። ፔትሩቺ የተባለው የቬኒስ አታሚ በ1502 የዚህን ደራሲ ቅዳሴዎች በመጽሐፍ ሲያሳትም በርእሱ ላይ ያኖረው «ዦስካን» የሚለውን ብቻ ነበር። ገዢው ሁሉ ማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበርና ሌላ መጨመር አላስፈለገውም።

ሦስተኛ፣ የስም መምታታት ታሪክን ያበላሻል። ከ1459 ጀምሮ በሚላኖ ካቴድራል ይዘምር የነበረ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ሰው ነበር። ሊቃውንቱ ለብዙ ዘመን ሁለቱን እንደ አንድ ሰው በመቍጠራቸው ደራሲው በ1440 ገደማ እንደ ተወለደ ይጻፍ ነበር። ሰነዶቹ ተመርምረው ሁለቱ ሰዎች ሲለዩ ግን ሕይወቱ እንደ ገና መጻፍ አስፈለገው። ያ ዘማሪ የሞተው በ1498 ሲሆን ዦስካን ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል።

«እርሱ ራሱስ ደ ፕሬ ብሎ የለምን?» የሚል ተቃዋሚ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ለድንግል ማርያም በደረሰው በአንድ መዝሙር የየስንኙ መነሻ ፊደሎች ሲገጣጠሙ ዦስካን ደ ፕሬ የሚል ይነበባል። ነገር ግን ዦስካንን አስቀደመ እንጂ አልተወውም። እኔም ደ ፕሬ ይጥፋ አልልም፤ የዦስካንን ቦታ አይውሰድ ነው የምለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዳንቴን፣ ማይክል አንጄሎንና ጋሊሌዮን በየራሳቸው ስም እየጠሩ ዦስካንን የሚነፍጉበት ምክንያት አይታየኝም። ፓሌስትሪናን በከተማው ስም ይጠሩታል ቢባልም፣ እርሱ በዘመኑም በዚያ ስም የታወቀ ሰው ነው። ስለዚህ መመዘኛው የቅጹ ሣጥን ሳይሆን ባለቤቱና ዘመዶቹ የተጠቀሙበት ስም መሆን አለበት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚጻፈው የአባታችን ስም ነው። በ1960 አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ብዙ የውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ አሸነፈ» ብለው ጻፉ። አቶ ቢቂላ የተከበሩ አባት መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ነገር ግን አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር የሮጠው ልጃቸው ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በቅርቡ ለከፍተኛ ትምህርት ስንወጣ «የመጨረሻ ስም» የሚል ቅጽ ይቀርብልናል። የአባታችንን ወይም የአያታችንን ስም በዚያ መጻፍ ግድ ሊሆንብን ይችላል፤ አባትን ማስጠራትም ክብር ነው። ሆኖም «እኔ የምጠራው በዚህ ነው» ብሎ በትሕትና ማስረዳት ነውር አይደለም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለቤተ መጻሕፍታችን የማቀርበው ልመና ትንሽ ናት፤ ስለ ዦስካን ስንማርና ስንጽፍ ዦስካን እንበለው። የአማርኛ ፊደላችንም «ዦ» የሚል ድምፅ ስላለው አጣሞ ለመጻፍ ማመካኛ የለንም። የሌላውን ሰው ስም አስተካክሎ የሚጠራ፣ የእኔን ስም አስተካክላችሁ ጥሩኝ ለማለት አያፍርም።