ለታማኝ ውሻ የሚቆም ድንጋይ

በዚህ ወር የምናቀርበው ነገር ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ በየቤቱ የሚያዝንበትና በሰው ፊት ለመናገር የሚያፍርበት ነገር ስለ ሆነ፥ በእኛ ቤት የደረሰውን ሳንደብቅ ለመጻፍ ወደድን።

መቻል የሚባል ውሻ ነበረን። በአገራችን ለውሻ ስም ሲወጣ ለጎረቤት መልእክት መላክ የቆየ ልማድ ነውና፥ ስሙን ያወጡለት እናታችን ናቸው፤ መልእክቱ ለማን እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ አልነገሩንም። መቻል ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃችንን ጠብቆ፥ ልጆቻችንንም እስከ ትምህርት ቤት በር እየሸኘ ኖረ። ባለፈው ክረምት በእርጅና ሞተና በግቢያችን ጥግ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቀበርነው። ታናሺቱ ልጃችን ሁለት እንጨት በክር አስራ መስቀል አቆመችለት። ከዚያም ልጆቹ ሁሉ በአንድ ቃል፥ «ስሙ እንዳይጠፋ ድንጋይ ይቁምለት» ብለው ለመኑን።

ኀዘናቸው ልባችንን ስለ ነካው እሺ አልን። ወደ ድንጋይ ጠራቢ ሄደን ነጭ እብነ በረድ መረጥን፤ ዋጋውንም ተነጋግረን ተመለስን። ማታ በእራት ጊዜ ይህን ስንናገር እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉን፦ «ልጄ፥ ለመቻል ማዘንህ ደግ ነው፤ እንስሳም የእግዜር ፍጥረት ነው። ነገር ግን የአባትህን ስም በመቃብሩ ላይ በቀለም ጽፋችሁት ነበር። ዝናብ ካጠበው ስንት ዓመቱ ነው?»

የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። በዚያች ሌሊትም እንቅልፍ ስላልወሰደን፥ ስለዚህ ነገር በየጊዜው ያነበብነውን ማውጣትና ማውረድ ጀመርን።

በውጭ አገር ለእንስሳ ድንጋይ ማቆም እንግዳ ነገር አይደለም። ከፓሪስ ከተማ አጠገብ በአኒዬር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 የተከፈተ የእንስሳት መካነ መቃብር ዛሬም አለ። በእንግሊዝ አገር ባለቅኔው ሎርድ ባይሮን፥ ቦትስዌይን የተባለው ውሻው በ1808 በእብድ ውሻ በሽታ ቢሞትበት፥ በኒውስቴድ በነበረው ርስቱ ታላቅ ሐውልት አሠራለት። ባለቅኔው ራሱ በ1824 ሲሞት ግን፥ ያረፈበት ስፍራ የውሻውን ያህል ሐውልት አላገኘም።

በጃፓን አገር ደግሞ ሐቺኮ የተባለው ውሻ፥ የሞተውን ጌታውን በሺቡያ ባቡር ጣቢያ ወደ ዐሥር ዓመት ያህል በየቀኑ ስለ ጠበቀ፥ ገና በሕይወት ሳለ በ1934 የነሐስ ምስል ቆመለት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ብረት ስለ ተፈለገ ምስሉ ቀለጠ፤ አሁን የሚታየው በ1948 እንደ ገና የተሠራው ነው። በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ በ1872 ለሞተው ለቦቢም፥ በመቃብሩ ስፍራ የቀይ ግራኒት ድንጋይ የቆመለት በ1981 ነው። በመቃብሩ ስፍራ ይህ ድንጋይ እስኪቆምለት መቶ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፍም ታሪኩ አልተረሳም።

ወደ አገራችንም ስንመለስ፥ በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች ይታሰቡናል። በሥራቸው ሰዎች መቀበራቸው በቁፋሮ ታውቋል። ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል፤ ስም ግን አልተጻፈባቸውም። ስለዚህ ድንጋዩ ጸንቶ ሲቆም የባለቤቱ ስም ጠፍቷል። የአባታችን ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስሙን የምናውቅ ልጆቹ በሕይወት እያለን መቃብሩ ስም አጣ።

በማግሥቱ ወደ ጠራቢው ተመልሰን አሳባችንን መለወጣችንን ነገርነው። አስቀድሞ ለአባታችን እንዲሆን አልን። እርሱም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበርና ጥሩ ምክር ሰጠን። እብነ በረድ ከኖራ ጋር አንድ ዘር ስለ ሆነ፥ የዝናብ ውኃ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ በጣራ ሥር ካልሆነ በቀር በጥልቀት ያልተቀረጸ ጽሑፍ እየደበዘዘ ይሄዳል። ጥቁር ድንጋይና ግራኒት ግን ለመጥረብ ቢያስቸግሩም ዝናብን ይችላሉ። ቀለም ብቻውን ፀሐይንና ዝናብን አይችልም፤ ፊደሉ ተቈርጦ መግባት አለበት። የእኛ ፊደል ደግሞ በአንዲት ትንሽ ጭረት የሚለይ ነውና፥ «ለ» እና «ሉ» እንዳይምታቱ ጽሑፉ ጥቂት፥ ፊደሉም ትልቅ ይሁን። ድንጋዩን በብረት ካስማ ማያያዝም መልካም አይደለም፤ ብረቱ ሲዝግ አብጦ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። የሚቆም ድንጋይ ከሆነ ከቁመቱ ሲሶ ያህሉ ወደ መሬት ይግባ።

ለእንስሳው መቃብር ግን ከድንጋዩ በፊት ጉድጓዱ ይታሰብ። ጅብ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጥልቅ፥ ከሚጠጣ ውኃም የራቀ ይሁን። እንስሳው በእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረ እንደ ሆነ፥ ማንም በእጁ ሳይነካው ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

ስለ ታናሺቱ መስቀል የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። ልጅቱን በአጠገባቸው አስቀምጠው፥ መስቀል በመቃብር ላይ የሚቆመው ለተጠመቀና ትንሣኤን ተስፋ ለሚያደርግ ሰው መሆኑን በቀስታ አስረዷት። ነገር ግን ኀዘኗን አልነቀፉም። በመጽሐፈ ጦቢት፥ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው እንደ ተከተለው ነገሯትና፥ «መጽሐፍ ያልረሳውን አንቺም ብታስቢው ነውር የለበትም» አሏት። እርሷም መስቀሉን ራሷ አንሥታ ወደ ቤት አስገባች።

የአባታችን ድንጋይ በኅዳር ወር ቆመ። ጥቁር ነው፤ ስሙና የተወለደበት፥ ያረፈበትም ዓመት በጥልቀት ተቀርጾበታል። ልጆቹ የአያታቸውን ስም ከነአባቱ ጮክ ብለው ሲያነቡ እናታችን አለቀሱ። ከመካከላቸው አንዱ፥ «አያቴ የአባቱ ስም ይህ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ጥፋታችን ቀለሙ ብቻ እንዳልነበረ ገባን፤ ለልጆቹ ሳንነግር ኖረናል።

ለመቻልስ? የእርሱን ድንጋይ የመረጡት እናታችን ናቸው፤ ዋጋም አልተከፈለበትም። በበሩ አጠገብ ዘወትር ተኝቶ ይጠብቅበት የነበረውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነሥተው በጽዱ ሥር አስቀመጡለት። ጠራቢው «መቻል፤ 13 ዓመት ደጅ ጠበቀ» ብሎ ቀረጸበት። ከዚህ የበለጠ ቃል ቢጨመር ውሸት ይሆን ነበር፤ ቢቀነስም ውለታውን መካድ ነው።

ስለዚህ፥ ውድ ወላጆች፥ ልጆቻችሁ ለሞተባቸው እንስሳ ድንጋይ ቢለምኗችሁ አትሣቁባቸው። ከግቢያችሁ አንዲት ጠንካራ ድንጋይ ፈልጉላቸው፤ ስሙንም ይጻፉበት። በዚያው ሳምንት ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አባቶቻችሁ መቃብር ሂዱና፥ በዚያ ያለው ስም ዛሬም የሚነበብ መሆኑን ተመልከቱ።