ድራጎኖቹ ሊመለሱ ነው፤ ቆቃ ላይ የምንጠብቀው ግን ሁለት ጊዜ ነው

የ"ሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎን" ሁለተኛ ሲዝን ያለቀው እ.ኤ.አ. ኦገስት 2024 ነው። ሠራዊቱ ተነሳ፣ መርከቦቹ ተንቀሳቀሱ፣ ድራጎኖቹም ተዘጋጁ። ከዚያ ተቋረጠ! ሁላችንም "በቃ፣ ይኼው ነው?" ብለን ቀረን። አሁን ኤችቢኦ ሦስተኛው ሲዝን እ.ኤ.አ. በጁን 2026 እንደሚጀምር አስታውቋል። ወደ 22 ወር ጠበቅን ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ?

"ጌም ኦፍ ትሮንስ" እ.ኤ.አ. በ2011 ከጀመረ በኋላ እስከ ስድስተኛው ሲዝን በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ሥራው እየገዘፈ ሲሄድ ግን ክፍተቱም ሰፋ። በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል 20 ወር ገደማ አለፈ። ድራጎን ካሜራ ፊት መጥቶ አይቆምም፤ ከቀረጻ በኋላ ለወራት ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ ሁለተኛው ሲዝን ከ10 ክፍል ወደ 8 ዝቅ ሲል፣ የሚጠበቀው ትልቁ የባህር ውጊያ ወደ ሦስተኛው ተገፋ። ስለዚህ አሁን የምንጠብቀው አዲስ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ያልተከፈለን ዕዳም አለ።

ታሪኩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አንድ ዙፋን፣ ሁለት የአንድ ቤት ወገኖች፣ በመሃል የሚያልቀው ደግሞ ዙፋኑ የማይደርሰው ሕዝብ። ዘመነ መሳፍንትን በታሪክ ክፍል የተማረ ልጅ፣ ድራጎኑን ትቶ የቀረውን በደንብ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ወረፋ

አሜሪካ ውስጥ ያለፉት ሲዝኖች የሚታዩት እሁድ ማታ ነበር። ያ በእኛ ሰዓት ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ቆቃ ላይ ሰው ተነስቶ ወደ ሥራ ሲወጣ ማን እንደሞተ ቲክቶክ ላይ ተለጥፏል። ፊልሙ ሳይደርሰን ስፖይለሩ ይደርሰናል።

ኤችቢኦ ማክስ እኛ አገር በይፋ አይሠራም። ቢሠራም ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፤ ስንቶቻችን አለን? ስለዚህ ብዙው ሰው የሚያየው በቴሌግራም ነው። ሒሳቡን እንየው። ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል። 8 ክፍል እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ቢሆን 24 ጊጋ መሆኑ ነው። ቻናሎቹ አንዱን ክፍል ወደ 300 ሜጋ ካሳነሱት ግን ሁሉም ተደምሮ 2.4 ጊጋ ብቻ ይሆናል። አስር እጥፍ ልዩነት! ለዚህ ነው አንዱ አዳማ ሄዶ ዋይፋይ ሲያገኝ አውርዶ ለሰፈሩ ሁሉ በብሉቱዝ ወይም በሜሞሪ የሚያድለው።

የሚገርመው፣ ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ ለአገሪቱ መብራት ሲያመነጭ የኖረው የአዋሽ ግድብ ያለው እዚሁ ቆቃ ነው። የሌሎችን ቲቪ ስናበራ ኖረናል፤ ለእኛ የሚደርሰን ግን የተጨመቀ ፋይል ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው

እንዲህ የሚያይ ሰው አይቆጠርም። ኩባንያው ስንት ደንበኛ እንዳለው የሚያውቀው በሚከፍለው ሰው ልክ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚያይ የቆቃ፣ የመቂ፣ የሞጆ ወጣት በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። የማይቆጠር ተመልካች ደግሞ የሚጠይቀው አይሰማም። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የግርጌ ጽሑፍ የማናገኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብለን እናስባለን። ፍላጎቱ ጠፍቶ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ እናቶቻችን ሳይቀሩ ስክሪኑ ላይ ተተክለው ነበር። ትርጉም ፊልምም በየሰፈሩ አድማጭ አለው።

"በነፃ እያያችሁ ምን ትላላችሁ?" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ክልክል ነው። አንድ ቀን የእኛው ልጆች ስለ ዓባይ ዘንዶ ወይም ስለ ንግሥተ ሳባ ትልቅ ተከታታይ ፊልም ቢሠሩ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ቴሌግራም ላይ ቢበተን ማን ያተርፋል? ነገር ግን በብር የሚከፈልበት፣ በቋንቋችን የሚነበብ መንገድ ሳይከፈት "አትዩ" ብቻ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ክፍያው በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ ይሁን፣ ዋጋው ለኪሳችን ይመጥን፤ ያኔ የሚከፍል ሰው እንደሚኖር አንጠራጠርም።

እስከዚያው ሦስት ነገር ልብ እንበል፦

1. ሲዝኑ ሳይወጣ "ሙሉ ሲዝን 3 እዚህ አለ" የሚል ሊንክ ሁሉ ውሸት ነው። በተለይ "ይህን አፕ መጀመሪያ ጫኑ" ካለ አትንኩት። የቴሌብር ፒናችሁ ያለው እዚያው ስልክ ላይ ነው።

2. ታሪኩ የተወሰደበት የጆርጅ አር. አር. ማርቲን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው ማለት ነው፤ ኮሜንት ውስጥ ስትገቡ ተጠንቀቁ።

3. ያያችሁ ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አፋችሁን ያዙ። ፋይሉ ቆቃ እስኪደርስ ጊዜ ስጡን።

እናንተስ ከየትኛው ወገን ናችሁ፤ ከጥቁሮቹ ወይስ ከአረንጓዴዎቹ? በወር ስንት ብር ቢሆንስ በሕጋዊ መንገድ ከፍላችሁ ታያላችሁ? ቁጥሩን ጻፉልን። ሌላ የሚቆጥረን ካጣን እኛው እንቆጠር።