ሥዕሉ ቆሞ ስክሪኑ ስለምን ይጋደማል?

ዕቃ ሁሉ ለሚሠራበት ጉዳይ የሚስማማ መልክ አለው። የበር ቁመት ከወርዱ የሚበልጠው ሰው ቆሞ ስለሚያልፍበት ነው፤ አልጋ በአግድም የሚረዝመው ግን ሰው ተጋድሞ ስለሚተኛበት ነው። ቁመት የሚባለው ከታች እስከ ላይ ያለው ልክ ሲሆን፣ ወርድ የሚባለው ከግራ እስከ ቀኝ ያለው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በነዚህ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ አንባቢዎቻችን ሁለቱን ቃላት ለይተው እንዲይዙልን እንለምናለን።

ዛሬ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የኮምፒዩተር ስክሪን ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል። በሳንቲም ይሠሩ ከነበሩት የጨዋታ ሣጥኖች ውስጥ ግን በብዙዎቹ ስክሪኑ በጎኑ ቆሞ ይገጠም ነበር። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሠራው በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ»፣ በ1980 የወጣው «ፓክ ማን»፣ በ1981 የወጡት «ጋላጋ»ና «ዶንኪ ኮንግ»፣ ሁሉም ሥዕላቸው ቁመታም ነው። ጃፓኖች ይህን አቋም «ታቴ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ሽቅብ የቆመ ማለት ነው።

ይህ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በ«ስፔስ ኢንቬደርስ» 55 ጠላቶች በ5 ረድፍ ተሰልፈው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም ከታች ሆኖ ይተኩሳል። እንዲህ ባለው ጨዋታ ቁመት ማለት ጊዜ ማለት ነው። ጠላት ከሩቅ ሲታይ ለማሰብ ፋታ ይገኛል፤ ቁመቱ ሲቆረጥ ፋታውም አብሮ ይቆረጣል። «ፓክ ማን» በ1982 ለአታሪ 2600 የቤት መጫወቻ ሲሠራ የደረሰበት ለዚህ ምስክር ነው። ቁመታም የነበረው የመንገዱ ንድፍ በወርድ እንዲሰፋ ስለ ተደረገ፣ በግራና በቀኝ የነበሩት መውጫዎች ወደ ላይና ወደ ታች ተዛወሩ። ስሙ ያው ሆነ፤ አገሩ ግን ሌላ ሆነ።

ሥዕሉን ሳይለውጡ በተጋደመ ስክሪን ላይ ማሳየት ይቻላል፤ ነገር ግን ያንሳል። ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ ስክሪን እንውሰድ። የጨዋታው ሥዕል ወርዱ 3 እጅ፣ ቁመቱ 4 እጅ ቢሆን፣ ከስክሪኑ ላይ 810 በ1080 ብቻ ይይዛል፤ ይህም ከመቶ 42 ያህል ነው። የቀረው በግራና በቀኝ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስክሪኑ በጎኑ ቢቆም ግን ሥዕሉ 1080 በ1440 ይሆናል፤ ይኸውም ከመቶ 75 ነው። አዲስ ዕቃ ሳይገዛ፣ ያው ስክሪን ስለ ዞረ ብቻ ሥዕሉ ይህን ያህል ይሰፋል።

አሠራሩም ቀላል ነው። አንዳንዱ ስክሪን በእግሩ ላይ እንዳለ ይዞራል። የማይዞረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጀርባው አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በአራቱም ጎን እኩል፣ ለምሳሌ 100 ሚሊሜትር፣ ከሆነ ስክሪኑን ሩብ ዙር አዙሮ መልሶ ማሰር ይቻላል። ከዚህ በኋላ በኮምፒዩተሩ የስክሪን ማስተካከያ ውስጥ የቁም አቀማመጥን መምረጥ ነው፤ ሥዕሉ ተዘቅዝቆ ከታየ ሁለተኛውን የቁም ምርጫ መውሰድ ነው። ከ1997 ጀምሮ የጥንቶቹን ሣጥኖች አሠራር የሚመስለው «ሜም» የተባለው ፕሮግራም ራሱ ሥዕል ያዞራል፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩም ፕሮግራሙም በአንድነት እንዳያዞሩት መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሥዕሉ ተመልሶ ይጋደማል።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች እንጨምር። መጀመሪያ፣ የቆመ ስክሪን በቀላሉ ስለሚወድቅ እግሩ ሰፊና የጸና ይሁን። ሁለተኛ፣ ከታች ሲያዩት ቀለሙ የሚለወጥ ስክሪን ሲዞር ጉድለቱ ወደ ጎን ስለሚመጣ ዓይንን ያስቸግራል፤ ከመግዛት በፊት በየአቅጣጫው ማየት ይገባል። ሦስተኛ፣ ባለ መስተዋት ቱቦውን የጥንት ቴሌቪዥን በቤት ውስጥ በጎኑ ማቆም አይገባም፤ ከባድ ነው፣ የሙቀት መውጫውም ሊታፈን ይችላል፤ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይልም አደገኛ ነው።

«ለመጫወቻ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይበጃል?» የሚሉ አይታጡም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ አባት የልጅነቱን ጨዋታ ለልጁ ሲያሳይ፣ ልጁ የሚፈርደው ባየው ነውና፣ የሚያሳየው የተቆረጠውን ሳይሆን ሙሉውን ሊሆን ይገባል። ደግሞም ጥቅሙ በጨዋታ ብቻ አያበቃም። የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ የሚጻፍበት ወረቀት ወርዱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊሜትር ነው፤ እርሱም ቁመታም ነው። ማታ ለልጆች ጨዋታ የቆመው ስክሪን፣ ጧት ለአባትየው አንዱን ገጽ ከአርእስቱ እስከ ፊርማው በአንድ ጊዜ ያሳየዋል። ስለዚህ ሥራውን ለዕቃው ብለን ከመቁረጥ፣ ዕቃውን ለሥራው ብለን ማዞር ይሻላል።