የሕፃናት የትንፋሽ ደዌና የላቦራቶሪ ፍርድ

ደረቱ እየተሳበ በትንፋሽ እጥረት የሚጨነቅ ሕፃን ሐኪም ፊት በቀረበ ጊዜ፣ ደዌውን ያመጣው ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ ሕፃኑ ሊናገር፣ ሐኪሙም በማዳመጫው ብቻ ሊለይ ስለማይችል፣ ሊቃውንት ከአፍንጫ በሚቀዳ ጥቂት ፈሳሽ እውነቱን ለማውጣት ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ደክመዋል። ድካማቸው በከንቱ አልቀረም። ነገር ግን ከመመርመሪያዎቹ ማናቸው ይበልጣል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙዎች «ረቂቁን ሁሉ አጥርቶ የሚያየው» ብለው ፈጥነው ሲመልሱ እሰማለሁና፣ በዚህ ነገር ያለኝን ተቃውሞ ልግለጽ።

የቀድሞው ዘዴ ቫይረሱን በሕያው ሕዋስ ላይ ማራባት ነበር። ጨቅላ ሕፃናትን አብዝቶ የሚያጠቃው አር.ኤስ.ቪ. በ1956 እ.ኤ.አ. ጉንፋን ከያዛቸው ቺምፓንዚዎች፣ ጥቂት ቆይቶም ከአሜሪካ ሕፃናት የተገኘው በዚሁ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ስለሚችል፣ ሕፃኑ ከዳነ ወይም ካረፈ በኋላ የሚደርስ ቃል ለአስታማሚ እናት ምን ይረባታል?

ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መልስ የሚሰጠው የተለመደው ፈጣን የአንቲጂን ምርመራም የራሱ ጉድለት አለው። ኢንፍሉዌንዛ ካለባቸው መካከል የሚያገኘው ከ50 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነውና፣ ወረርሽኙ በበረታበት ወራት «አለ» ሲል ሊታመን ይገባዋል፤ «የለም» ሲል ግን ነገሩ ገና አልተቆረጠም። አር.ኤስ.ቪ.ን በተመለከተ፣ ሕፃናት ከአዋቂዎች እጅግ የበዛ ቫይረስ በአፍንጫቸው ስለሚይዙ፣ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሕፃናት 80 ያህሉን ሲያገኝ፣ በአዋቂዎች ዘንድ ሲሶውን እንኳ አያገኝም።

ካሪ መሊስ በ1983 እ.ኤ.አ. ያፈለቀውና ከዐሥር ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ፒ.ሲ.አር. ደግሞ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት አባዝቶ ስለሚያሳይ ከእይታው የሚያመልጠው ጥቂት ነው። ብርታቱ ራሱ ግን ፈተና ሆኖበታል። ጉንፋን አምጪው ራይኖቫይረስ ሕፃኑ ከዳነ በኋላ ለሳምንታት፣ እንዲሁም አንዳች ሕመም በሌለባቸው ሕፃናት አፍንጫ ይገኛል፤ በተገደለ ሰው ደጃፍ ሲያልፍ የታየ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ እንደማይፈረድበት፣ በናሙና የተገኘም ቫይረስ ሁሉ የደዌው አምጪ ነው ሊባል አይገባም። በአፍሪካና በእስያ ሰባት አገሮች የተደረገው ፐርች የተባለው ታላቅ ጥናት ከታመሙት ጋራ ጤነኞቹን ሕፃናት አብሮ የመረመረው ስለዚህ ነበር፤ በዚያም ሚዛን አር.ኤስ.ቪ. በደረት ራጅ ከተረጋገጠው የሳምባ ምች ሲሶ ለሚያህለው ተጠያቂ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ምርመራን የሚያስከብረው ቃሉ የሐኪሙን ሥራ መለወጡ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ቢገኝ ሕመሙ ከጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ የሚጠቅም መድኃኒት አለ፤ ለአር.ኤስ.ቪ. ግን ከኦክስጅንና ከፈሳሽ የሚያልፍ የተለመደ ሕክምና ስለሌለ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 እ.ኤ.አ. መመሪያው ብሮንኮላይተስ (የሳምባ ጥቃቅን የአየር ቧንቧዎች ብግነት) የያዘው ሕፃን ሁሉ የቫይረስ ምርመራ እንዲደረግለት አልመከረም። በአገራችን ጤና ኬላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንፋሽ ቆጥራ፣ ከሁለት ወር በላይ ሆኖ ዓመት ያልሞላው በደቂቃ 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ከደረሰ አሞክሲሲሊን ትሰጣለች፤ ላቦራቶሪ በሌለበት ይህ ነፍስ ያድናል። ስለዚህ በኮቪድ ዘመን የገቡልን የፒ.ሲ.አር. መሣሪያዎች ለወረርሽኝ ቅኝትና በሆስፒታል ለተኙ ጽኑዓን ሕሙማን ይዋሉ፤ ፈጣኑ ምርመራ በድንገተኛ ክፍል ይኑር፤ ሐኪሞቻችንም ወጪው ከወላጅ ኪስ እንደሚወጣ አስበው፣ ውጤቱ በሕክምናው ላይ የሚለውጠው ነገር የሌለውን ምርመራ እንዳያዙ እለምናለሁ።