ሽርክና ያለ ሸሪክ

ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢትዮጵያ ለገዛው አንድ ቡና ስም ሲያወጣ ከአማርኛ «ሽርክና» የሚለውን ቃል መረጠ። ሙሉ ስሙ «ሽርክና፣ በፀሐይ የደረቀ ሲዳሞ» ነበር። ስሙንም አሜሪካ ባለው የንግድ ምልክት ቢሮ ለማስመዝገብ አመለከተ። በዓመቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአገሪቱ ስም ሊያስመዘግብ እዚያው ቢሮ ሲሄድ፣ ሲዳሞ ላይ ቀድሞ ወረፋ የያዘ አገኘ። ሸሪኩ ነበር።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ የምቆጥረው ነገሩ የተጻፈው በእነሱ መዝገብ ስለሆነ ነው።)

የቀረውን ብዙዎች ያስታውሱታል። ስታርባክስ ማመልከቻውን በ2006 ተወው፤ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ግን የኢትዮጵያን ጥያቄ ተቃወመ። ኩባንያው በተቃውሞው እጄ የለበትም አለ። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ በ2007 ስምምነት ተደረሰ። ይህን የማነሳው ያረጀ ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። ስታርባክስ በእነዚያው ዓመታት ቡናዬን የምገዛው በሥነ ምግባር ነው የሚልበት የራሱ መመዘኛ ነበረው፤ በ2015 ደግሞ ከምገዛው ቡና 99 በመቶው መመዘኛውን አልፏል ብሎ አስታወቀ። ተፈታኙ ጥያቄውን ራሱ ካወጣ 99 ማምጣት አያስቸግርም።

«ትርፋችን ለማኅበረሰቡ ነው»፣ «ስትገዙን ገበሬውን ትረዳላችሁ» የሚለው ንግድ ዛሬ የትም አለ። ጠባዩን ላጤነ ሰው አንድ ነገር አይጠፋውም፤ ወሬው ሁሉ ስለሚሰጠው ነው፣ ስለሚከፍለው አይወራም።

የራሱን ፈተና የሚያወጣ ኩባንያ ይቅርና ገለልተኛውን ማኅተም እንይ። ፌርትሬድ ማንም ኩባንያ የፈለሰፈው አይደለም፤ ሥራውም ቀላልና ክቡር ነው። የዓለም ገበያ ቢወድቅም ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚከፈለው ዋጋ ከተወሰነ ወለል በታች እንዳይወርድ ያደርጋል፤ በላዩም ለልማት የሚውል ተጨማሪ ክፍያ አለው። በ2001 የአረቢካ ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ሲወርድ የፌርትሬድ ገዢ ለታጠበ ቡና ከነተጨማሪው 1 ዶላር ከ26 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ቡናውን ነቅሎ ጫት ለመትከል መጥረቢያ ያነሳ ገበሬ በነበረበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን ቡናውን የሚለቅመው ማነው?

ማሳው ትንሽ የሆነ ገበሬ ከነቤተሰቡ ይለቅማል። ከፍ ያለ ማሳ ያለው ግን ቡናው ሲቀላ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቅርንጫፉን ወደ ራሷ ጎትታ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለየች ቀኑን ሙሉ ትለቅማለች፤ ማታ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ በኪሎ ይቆጠርላታል። አረንጓዴ ከተቀላቀለበት ይመለስባታል ወይም ይቀነስባታል። የራሷ ቡና የላትም፤ ስለዚህ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ ስለዚህ የትርፍ ክፍፍል ሲመጣ ስሟ አይጠራም።

የለንደኑ ሶአስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአራት ዓመት ያህል በኢትዮጵያና በኡጋንዳ የጠየቁት ይችንኑ ሴት ነበር። ጥናታቸው በ2014 ወጣ። የኢትዮጵያን ቡናና አበባ፣ የኡጋንዳን ቡናና ሻይ አይተው የደረሱበት ነገር ለማኅተሙ ወዳጆች መራራ ነበር፤ ማኅተሙ ባለባቸው ቦታዎች የቀን ሠራተኛው ክፍያ ማኅተም ከሌለባቸው ከብዙዎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በልማት ገንዘቡ ከተሠራው ነገርም ድሃው ሁሉ እኩል አይጠቀምም። በአንድ የሻይ ማኅበር በዚሁ ገንዘብ የተሠራውን ዘመናዊ ሽንት ቤት የሚጠቀሙበት አለቆቹ ብቻ ነበሩ።

ፌርትሬድ መልስ ሰጥቷል። ያወዳደራችሁት አነስተኛ ገበሬን ከትልልቅ እርሻ ጋር ነው፤ ትልቁ የተሻለ መክፈሉ አያስገርምም አለ። መልሱ እውነት አለበት። ግን ለለቃሚዋ ይህ ምኗ ነው? እሷ ወደ ገበያ ይዛ የምትሄደው ብሩን እንጂ የአሠሪዋን የማሳ ስፋት አይደለም። ድሃውን እረዳለሁ ብሎ ስኒ ላይ የጻፈ ድርጅት ከድሆቹ ሁሉ የምታንሰውን ሳይቆጥር ዓመታት መሥራቱን ነው ጥናቱ ያሳየው። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ መዝገቡ ላይ እሷን የሚያስገባ ረድፍ አልነበረም።

ከቡናው ወደ ጨርቁ እንለፍ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ትልቁ ኩራቱ ፍሳሹ ነበር። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣውን ውኃ አጣርቶ መልሶ ይጠቀምበታል፤ ወደ ሐይቁ ጠብታ አይለቅም ተባለ። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት ስሞች ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ፓርኩን ከጅምሩ የደገፈው ኃላፊነት የሚሰማው የልብስ ኢንዱስትሪ በአፍሪካ ለመትከል በሚል ነበር። ለሐይቁ ማሰባቸው ደስ ይለኛል፤ ዓሣው ያመስግናቸው። በ2019 ግን የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የፓርኩን ጀማሪ ሠራተኞች መነሻ ደሞዝ ጻፉት፤ በወር 26 ዶላር። በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207 ነበር። ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች በአንዲት ክፍል ተደራርበው እየተከራዩ ጥቂት ወር ሠርተው ይሄዱ ስለነበር፣ በዓመት የሚለቀው ሠራተኛ ከጠቅላላው ቁጥር ጋር ይቀራረብ ነበር። ውኃውን መልሶ የሚጠቀም ፓርክ ሰውን አንዴ ተጠቅሞ ይጥል ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ 181 የአሜሪካ ኩባንያ መሪዎች የንግድ ዓላማ ባለ አክሲዮንን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛንና ማኅበረሰቡንም መጥቀም ነው ብለው ፈረሙ። ፒቪኤች በ2021 የሰሜኑን ጦርነት ምክንያት አድርጎ የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ።

የእኛው ነጋዴዎችስ? እኛ ጋ ስሙ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» ነው፤ ወቅቱም መስከረም።

ባለፈው የትምህርት መክፈቻ ሰሞን አንድ ኩባንያ ደብተር ሲያድል ተጋብዤ ሄጄ ነበር። ባነሩ ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ይበልጣል። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው የክብር እንግዳውን አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ደብተሮቹ ሽፋናቸው ላይ የኩባንያው ዓርማ አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ ካሜራው ስላልያዛት ደብተሯን መልሳ ሰጥታ እንደገና እንድትቀበል ተደረገ። ስወጣ በር ላይ የኩባንያውን ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ነበሩ። «አባባ፣ የኩባንያው ሠራተኛ ነዎት?» አልኳቸው። «ልብሱ የእነሱ ነው ልጄ፤ እኔ የኤጀንሲው ነኝ» አሉኝ። ኩባንያው በእሳቸው ስም ለኤጀንሲው ስንት እንደሚከፍል አያውቁም፤ እጃቸው የሚገባውን ግን ነገሩኝ። የቤት ኪራዩን ቀንሼ ሳሰላው የተረፈው ለባነሩ ማሠሪያ የሚበቃ አልመሰለኝም። የልጅ ልጃቸው የምትማረው ሌላ ትምህርት ቤት ስለሆነ ደብተሩም አልደረሳት።

ምንም ከማይሰጥ አይሻልም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ሲያዩት ይሻላል። ግን ስጦታው ያለ ቦታው ሲገባ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ጥያቄውን ይዘጋል። ሺህ ደብተር ያደለን ኩባንያ ስለ ጥበቃው ደሞዝ መጠየቅ ምስጋና ቢስነት ይመስላል። ሕጉም አያግዝም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ አዋጁ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ዛሬም ወለል የለውም። ወለል በሌለበት ቤት ሁሉም ስለ ጣሪያው ጌጥ ቢያወራ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ልመናዬ ለጋዜጠኛ ባልደረቦቼ ነው። ለሚቀጥለው ርክክብ ስትጠሩ ባነሩን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በሩን የከፈቱላችሁን ሰው ደሞዝ ጠይቁና በዜናው የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት።